ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ ሚሞሪ ላይ ያለው ዳታ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በፓይተን የተጻፈ የትዕዛዝ መቀበያ ሰርቨር አላቸው። ገና ያልተፈጸሙ ትዕዛዞች ወረፋ፣ የገቡ ተጠቃሚዎች ሴሽን፣ የትዕዛዝ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ እና ከሌላ ቦታ ተስቦ የመጣ የምርት መረጃ ሁሉም ሚሞሪ ላይ በአንድ ትልቅ ዲክሽነሪ (ቁልፍና ዋጋ የሚይዝ የፓይተን መዋቅር) ውስጥ ይኖራሉ፤ መጠኑ 300 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በየ5 ደቂቃው፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋም አንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ የጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጥ ፎርማት) ፋይል ይጻፋል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቨርዥን ለመጫን ሪስታርት ሲያደርጉ ፋይሉን 0 ባይት ሆኖ አገኙት። ጥያቄያቸው «በየደቂቃው ልጻፈው? ወደ ሬዲስ (ዳታን ሚሞሪ ላይ የሚይዝ ዳታቤዝ) ልዛወር? ወይስ ሙሉ ዳታቤዝ ያስፈልገኛል?» የሚል ነው።

ምላሽ፦

ከሦስቱ ምርጫ በፊት ፋይሉ ለምን ባዶ እንደሆነ እንይ። ምክንያቱ ሳይታወቅ መሣሪያ ቢቀየር ችግሩ ተከትሎ ይመጣል።

ያያያዙት ኮድ መጀመሪያ ፋይሉን ለመጻፍ ይከፍታል፣ ቀጥሎ ዲክሽነሪውን ወደ ጄሰን ይቀይራል፣ ከዚያ ይጽፋል። ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት ግን የነበረው ይዘት ያን ጊዜውኑ ይደመሰሳል። 300 ሜጋባይት ወደ ጄሰን እስኪቀየር ደግሞ ሰከንዶች ያልፋሉ። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አሮጌው ፋይል ጠፍቷል፣ አዲሱም ገና አልተጻፈም። ፕሮሰሱ (እየሮጠ ያለው ፕሮግራም) በዚያች ክፍተት ከተገደለ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። በየደቂቃው ይጻፍ ቢሉ ክፍተቷ 5 ጊዜ ትበዛለች እንጂ አትጠብም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫዎ ነገሩን ያባብሰዋል።

«ሲዘጋ ይጻፋል» ያሉትም እንዳሰቡት አይሠራም። ኤትኤግዚት (ሲዘጋ የሚጠሩ ፈንክሽኖችን የሚመዘግበው የፓይተን ክፍል) ላይ ያስመዘገቡት ፈንክሽን የሚጠራው ፕሮግራሙ በራሱ መንገድ ሲጨርስ ነው። ሲግተርም የተባለው የመዝጊያ ምልክት ሲመጣ፣ ምልክቱን የሚቀበል ኮድ ካልጻፉ በቀር፣ ፓይተን ምንም ሳይጠራ ይሞታል። ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ጋር ለብቻው አሽጎ የሚያስኬድ ሳጥን) ውስጥ ሲሆን ደግሞ ፕሮግራምዎ ብዙውን ጊዜ 1 ቁጥር ፕሮሰስ ሆኖ ስለሚሮጥ፣ ተቀባይ ያልተጻፈለት ሲግተርም ጭራሽ አይነካውም፤ ኮንቴይነሩን የሚያስኬደው ዶከር 10 ሰከንድ ይጠብቅና ሲግኪል የተባለውን የግዳጅ መግደያ ምልክት ይልካል። ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ካልተቀየረ በቀር 30 ሰከንድ፣ የሊነክስ አገልግሎት አስነሺው ሲስተምዲ ደግሞ 90 ሰከንድ ይታገሳሉ፤ መጨረሻቸው ግን አንድ ነው። ሲግኪልን የትኛውም ፕሮግራም ሊይዘው ወይም ሊያዘገየው አይችልም። ሚሞሪ ሲያልቅ ሊነክስ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለውም በዚሁ ምልክት ነው።

ከዚህ ተነስቼ አጥብቄ የምይዘው አቋም አለኝ፦ ዳታ መዳን ያለበት በተለወጠበት ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ የሚጻፍ ነገር ካለ ቀጣዩን አነሳስ የሚያፋጥን ብቻ ይሁን፤ ሳይጻፍ ቢቀር ምንም የማይጎድል መሆን አለበት። ሰርቨርዎን በተገደለ ቁጥር በሥርዓት ከሚነሳበት ደረጃ ካደረሱት፣ በሥርዓት ሲዘጋማ ምንም አያስጨንቅዎትም።

አሁን ያለውን ፋይል መታደጊያው መንገድ አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ያድርጉት። መጀመሪያ ዲክሽነሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ጄሰን ይቀይሩ። ከዚያ እዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ በሌላ ስም አዲስ ፋይል ከፍተው ይጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ፍለሽ ያድርጉ፤ ይህ በፓይተን ቋት ውስጥ የቀረውን ወደ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ያወጣዋል። ቀጥሎ ኤፍሲንክ ይጥሩ፤ ይህ ደግሞ ከከርነሉ ወደ ዲስኩ ያወርደዋል። ኤፍሲንክ በሰላም ከተመለሰ በኋላ ብቻ የአዲሱን ፋይል ስም በሪኔም ወደ ዋናው ስም ይቀይሩት። በሊነክስ ላይ በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ የሚደረግ ሪኔም የማይከፈል አንድ እርምጃ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ወይ ሙሉውን አሮጌ ወይ ሙሉውን አዲስ ያገኛል፣ መሃል የለም። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሪውንም ከፍተው ኤፍሲንክ ያድርጉት፤ የስም ለውጡ ራሱ የሚጻፈው እሱ ላይ ነውና።

ጊዜያዊው ፋይል «እዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ» ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ጊዜያዊ ፋይሉን ሲስተሙ ለጊዜያዊ ነገሮች በመደበው ቦታ ይፈጥረዋል። ያ ቦታ የተለየ ፋይል ሲስተም ከሆነ ሪኔም ይከሽፋል፤ ይባስ ብሎ «ሙቭ» የሚል ስም ያለው የላይብረሪ ፈንክሽን ከተጠቀሙ ድምፁን አጥፍቶ ባይት በባይት ይገለብጥልዎታል፣ ያመለጡት ክፍተትም ተመልሶ ይመጣል።

ከሪኔም በፊት ኤፍሲንክ መጠራት ያለበት ለምን እንደሆነ በ2009 ብዙዎች ተምረውታል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የሊነክስ ፋይል ሲስተም ዳታው ዲስክ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አዘግይቶ ስለሚወስን፣ ጽፈው ወዲያው ሪኔም ያደረጉ ፕሮግራሞች ማሽኑ ድንገት ሲወድቅ ትክክለኛ ስም ያላቸው ባለ 0 ባይት ፋይሎች አገኙ። ስሙ ዲስክ ላይ ደርሶ ነበር፣ ይዘቱ ግን አልደረሰም። በኋላ ከርነሉ ላይ ለዚህ ማለዘቢያ ተጨምሯል፤ እኔ ግን በማለዘቢያ ላይ ተማምኖ ኤፍሲንክን መተው አልመክርም።

ይህ ካለቀ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ዳታው የሚድነው ከየትኛው ሞት ነው? «ሪስታርት» በሚል አንድ ቃል የምንጠራቸው ነገሮች በጣም የተለያዩ ናቸው። ፕሮሰሱ ብቻውን ሲሞት፣ ወደ ከርነሉ የተላለፈ ነገር ሁሉ ይተርፋል። ከርነሉ በፔጅ ካሽ ይዞት ስለሚቆይ ፕሮግራሙ ባይኖርም በራሱ ጊዜ ዲስክ ላይ ያሰፍረዋል። ማሽኑ ራሱ ሲወድቅ ወይም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ፔጅ ካሹም አብሮ ይጠፋል፤ ሊነክስ በተለመደው አቀማመጡ አንድን የተጻፈ ገጽ (የሚሞሪ ቁራጭ) ለማውረድ አርጅቷል የሚለው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው። ዲስኩ ራሱ ሲበላሽ ደግሞ ኤፍሲንክም ሪኔምም አያድኑም፤ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ቅጂ ብቻ ነው የሚያድነው።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በዳታ ዋጋ ነው። ከዓመታት በፊት አብሬው የሠራሁት ቡድን ፕሮግራሙን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት በሲግኪል ገድሎ ፈትኖ ነበር፤ አንዲት መዝገብ አልጠፋችም። ደስ ብሎን ወደ ሥራ አስገባነው። ከዚያ አንድ ቀን የማሽኑ ኃይል ተቋረጠ። ሲነሳ የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ያህል ትዕዛዝ የለም፤ ሰዎቹ ግን «ደርሷል» የሚል መልስ በእጃቸው ነበር። ኤፍሲንክ የሚባል ነገር ኮዱ ውስጥ አልነበረም። የፈተንነው የፕሮሰስን ሞት ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው ዋና ጥያቄ «ስንት ሰከንድ ሥራ ቢጠፋብኝ እችለዋለሁ?» የሚለው ነው። መልሱ ለዲክሽነሪው ሁሉ አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ያለዎት ትልቁ ችግር አራት የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ከረጢት ማሰርዎ ይመስለኛል።

የምርት መረጃው ከሌላ ቦታ የተሳበ ነው፤ ቢጠፋ ተመልሶ ይሳባል። እሱን መጻፍ ድካም ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ይንቀራፈፋል የሚል ስጋት ካለዎት ይዘቱን ትተው በብዛት የሚጠየቁትን ቁልፎች ዝርዝር ብቻ ያስቀምጡና ሲነሳ አስቀድመው ይሳቡ። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ዳታውን የሚያስቀምጠው ክፍል፣ ኢኖዲቢ፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ሲዘጋ የሚሞሪ ቋቱን ይዘት አይጽፍም፤ በቅርብ ጥቅም ላይ ከዋሉት ገጾች፣ ካልተቀየረ በቀር፣ 25 በመቶውን መለያ ቁጥራቸውን ብቻ ይጽፍና ሲነሳ ከዲስክ መልሶ ያመጣቸዋል። ዝርዝሩ ባይኖር የሚጎድለው ፍጥነት ብቻ ነው።

ሴሽኖቹ ቢጠፉ ሰዎች እንደገና ይገባሉ። ደስ አይልም፣ ጥፋት ግን አይደለም። ለእነሱ በየደቂቃው የሚጻፍ ቅጂ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ የሴሽኑን ማብቂያ በሞኖቶኒክ ሰዓት (ወደ ኋላ በማይመለስ ቆጣሪ) ይዘው ከሆነ ያ ቁጥር ሊነክስ ላይ የሚቆጠረው ማሽኑ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ፣ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ትርጉም ያጣል። ወደ ዲስክ ሲጽፉ በተራው የቀን ሰዓት ቀይረው ይጻፉት፤ ሲያነቡም ጊዜያቸው ያለፈውን ይጣሉ።

የትዕዛዝ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ የሚያስፈራው ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ከተሰጠ መዘዙ ብዙ ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱ እስከ 5.7 ድረስ የኢኖዲቢ ሰንጠረዦችን ተከታታይ ቁጥር ሚሞሪ ላይ ብቻ ይይዝ ስለነበር፣ የመጨረሻው ረድፍ ተሰርዞ ሰርቨሩ ሪስታርት ከተደረገ ያው ቁጥር እንደገና ይሰጥ ነበር፤ የተስተካከለው በ8.0 ነው። እርስዎ በእያንዳንዱ ቁጥር ዲስክ መንካት አያስፈልግዎትም። ጣሪያ ይጻፉ፦ «እስከ 1000 ድረስ ተይዟል» ብለው ኤፍሲንክ ያድርጉና ከ1 እስከ 1000 ከሚሞሪ ይስጡ፤ ሲያልቅ 2000 ብለው ይጻፉ። ሰርቨሩ 1340 ላይ ቢሞት ሲነሳ ከ2001 ይጀምራል። መሃል ላይ ክፍተት ይኖራል፣ ድግግሞሽ ግን አይኖርም።

የቀረው የትዕዛዞቹ ወረፋ ነው። እውነተኛው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «ተቀብያለሁ» ካሉ በኋላ አንድም ሊጠፋ አይገባም።

ለዚህ ስናፕሾት፣ ማለትም የሁሉንም ቅጂ በየጊዜው መጻፍ፣ ብቻውን አይበቃም። በሁለት ስናፕሾቶች መካከል ያለው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። የሚያስፈልገው የለውጥ መዝገብ ነው፦ እያንዳንዱ ለውጥ በመጣበት ቅደም ተከተል መጨረሻው ላይ ብቻ የሚጨመርበት ፋይል። ትዕዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ኤፍሲንክ ይደረጋል፣ ከዚያ ዲክሽነሪው ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም ለሰውየው «ደርሷል» ይባላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ነገሩ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሰርቨሩ ሲነሳ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች አንብቦ ዲክሽነሪውን እንደገና ይሠራዋል።

«ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ኤፍሲንክ ካደረግኩ አይዘገይም?» ይሉ ይሆናል። ይዘገያል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ፣ አንድ በአንድ ከተሄደ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ኤፍሲንክ ነው የሚደርስዎት። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ከዚህ በጣም ይፈጥናል፤ በተለይ ኃይል ሲቋረጥ ካሹን አውርዶ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ። መድኃኒቱ ግን ዲስክ መግዛት ብቻ አይደለም። አንዱ ኤፍሲንክ እስኪመለስ የመጡትን ትዕዛዞች ሁሉ ሰብስበው በሚቀጥለው አንድ ኤፍሲንክ አብረው ያውርዷቸው፤ መልሱንም ለሁሉም አብረው ይስጡ። 50 ሰዎች አንድ ኤፍሲንክ ይካፈላሉ። ዳታቤዞች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ጭነቱ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል።

እያንዳንዱ መዝገብ በፊቱ ርዝመቱን እና ቼክሰሙን (ይዘቱ አለመበላሸቱ የሚታወቅበትን፣ ከይዘቱ የተሰላ ቁጥር) ይያዝ። ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ ከሞተ የመጨረሻው መዝገብ ተቆርጦ ይገኛል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያች ቁራጭ «ደርሷል» ያልተባለላት ስለሆነች ቆርጠው ይጣሉና ይቀጥሉ። መሃል ላይ ያለ መዝገብ ቼክሰሙ አልገጥም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲስኩ ወይም ሌላ ፕሮግራም አበላሽቶታል ማለት ነው። ዘልለው እንዳያልፉት። ቆመው ሰው ይጥሩ፤ የተዘለለው «ትዕዛዙ ተሰርዟል» የሚል መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ምን እንደሚጻፍም ይታሰብበት። «1 ቀንስ» ብለው ከጻፉ መዝገቡ በስህተት ሁለቴ ሲነበብ 2 ይቀነሳል። «የቀረው 7 ነው» ብለው ከጻፉ ግን አሥር ጊዜ ቢነበብም ያው 7 ነው። ውጤቱን ይጻፉ። በተለይ ሰዓት ወይም የዘፈቀደ ቁጥር የሚገባበት ስሌት ከሆነ ሲነበብ እንደገና ማስላት ሌላ ውጤት ያመጣል።

መዝገቡ እያደገ ስለሚሄድ አንድ ቀን ማንበቡ ራሱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ስናፕሾት ሥራ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ለመዝገቦቹ ተከታታይ ቁጥር ይስጡ፤ ስናፕሾቱ «እስከ 48210 ያለውን ይዣለሁ» ብሎ ይጻፍ፤ ሲነሱ ስናፕሾቱን ጭነው ከ48211 ጀምሮ ያሉትን ብቻ ያንብቡ። አሮጌውን የመዝገብ ፋይል የሚያጠፉት አዲሱ ስናፕሾት ኤፍሲንክ እና ሪኔም ከተደረገ በኋላ ነው፤ እኔ አንድ ትውልድ ወደ ኋላም አስቀራለሁ።

ስናፕሾቱን ሲያነሱ ዲክሽነሪው እየተለወጠ መሆኑን አይርሱ። እየዞሩበት ሳለ ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ቁልፍ ቢጨምርበት ፓይተን መጠኑ ተለውጧል ብሎ ስህተት ሊጥል ይችላል፤ ባይጥል ደግሞ ይብሳል፣ ግማሹ የትናንት ግማሹ የዛሬ የሆነ ቅጂ ይወጣል። ሬዲስ ይህን በፎርክ ይፈታዋል፦ የራሱ ቅጂ የሆነ ልጅ ፕሮሰስ ይወልዳል፣ ሁለቱ ሚሞሪውን ይጋራሉ፣ ዋናው ገጽ ሲለውጥ ብቻ ያ ገጽ ይባዛል። ዘዴው ግሩም ነው፤ ነገር ግን በመጻፊያው ጊዜ ብዙ ለውጥ ካለ ሚሞሪው እስከ እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል የሬዲስ ማሽን ሁልጊዜ ትርፍ ሚሞሪ ያስፈልገዋል። ለፓይተን ግን አልመክርዎትም። ፓይተን ኦብጀክት ባነበበ ቁጥር የማጣቀሻ ቆጣሪውን ስለሚነካ ማንበብ ብቻውን ገጾቹን ያባዛቸዋል፤ ብዙ ትሬድ ባለበት ፎርክ ማድረግም ሎክ (ሌላ ትሬድ እንዳይነካ የሚከለክል መዝጊያ) ተይዞ የሚቀርበትን አደጋ ያመጣል፤ ከ3.12 ጀምሮ ፓይተን ራሱ ያስጠነቅቃል። ወረፋው ብቻውን ሲለይ ትንሽ ስለሚሆን ለአጭር ጊዜ ሎክ ይዘው ቢቀዱት ይበቃል።

እስካሁን የገለጽኩትን ሁሉ በእጅዎ እንዲጽፉት አልፈልግም። ያስረዳሁት ማንኛውንም መሣሪያ ሲመርጡ ምን እንደሚጠይቁት እንዲያውቁ ነው። ለአንድ ፕሮሰስ፣ ለ300 ሜጋባይት፣ ለአንድ ማሽን የእኔ ምርጫ ኤስኪውላይት የተባለው በፋይል ውስጥ የሚኖር ዳታቤዝ ነው። ሌላ ሰርቨር አያስነሱም፤ መዝገቡን፣ ቼክሰሙን፣ የተቆረጠ ጅራት ማጽዳቱን፣ ስናፕሾቱን ሁሉ በውስጡ ይዟል። ከ2010 ጀምሮ ባለው የዋል ሁነታው (ለውጥን መጀመሪያ መዝገብ ላይ የሚጽፍበት) ይክፈቱት፤ በዚህ ሁነታ አንባቢ ጸሐፊን አይከለክልም። ብዙ መመሪያዎች ለፍጥነት ሲሉ «ሲንክሮነስ» የተባለውን ማስተካከያ ወደ ኖርማል ዝቅ አድርጉ ይላሉ። በዋል ሁነታ ያ ፋይሉን አያበላሸውም፤ ነገር ግን ኃይል ሲቋረጥ የመጨረሻዎቹ ትራንዛክሽኖች ተመልሰው ሊጠፉ ይችላሉ። ለሴሽኖቹ ኖርማል ይሁን፣ ለትዕዛዞቹ ግን ፉል ላይ ይተዉት፤ ሁለቱን በተለያየ ፋይል ቢያስቀምጡ ይቀላል። ፋይሉን በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይ አያስቀምጡት፤ የዋል ሁነታ እዚያ አይሠራም።

ሬዲስ የሚገባው ዳታውን ከአንድ በላይ ፕሮሰስ የሚጋራው ከሆነ ነው። ወደዚያ ከሄዱ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በነባሪው የሚሠራው ስናፕሾት ብቻ ነው፦ በአዳዲሶቹ ቨርዥኖች 1 ለውጥ ካለ በ3600 ሰከንድ፣ 100 ካሉ በ300፣ 10000 ካሉ በ60 ሰከንድ። ጥቂት ትዕዛዝ ብቻ የመጣበት ሰዓት ሙሉውን ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ኤኦኤፍ የተባለውን የለውጥ መዝገቡን ማብራት አለብዎት፤ በየሰከንዱ ኤፍሲንክ በሚያደርግበት አቀማመጥ የሚጠፋው 1 ሰከንድ ገደማ ነው፣ በእያንዳንዱ ለውጥ የሚያደርግበትም አለው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስለቀሰ ወጥመድ ነው፦ ስናፕሾት ብቻ ሲጠቀም በቆየ ሬዲስ ኮንፊግ ፋይል ላይ «አፔንድኦንሊ የስ» ጽፈው ሪስታርት አያድርጉ። ኤኦኤፍ በርቶ ሲነሳ የሚያነበው ኤኦኤፉን ነው፤ እሱ ደግሞ ገና የለም፤ ስለዚህ ባዶ ሆኖ ይነሳል፣ በኋላም ያን ባዶነት በደህናው ስናፕሾት ላይ ሊጽፍበት ይችላል። በሚሮጠው ሬዲስ ላይ በኮንፊግ ሴት ያብሩት፣ መዝገቡ ተጽፎ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ በኮንፊግ ሪራይት ወደ ፋይሉ ያስገቡት። ሦስተኛ፣ ኮንቴይነር ከሆነ የዳታው ዳይሬክተሪ ከውጭ በተያያዘ ቮሊዩም (የማከማቻ ቦታ) ላይ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ኮንቴይነሩ ውስጥ የተጻፈ ፋይል ኤፍሲንክ ቢደረግም ኮንቴይነሩ በአዲስ ሲተካ አብሮ ይጣላል።

አሁን ወደ አነሳሱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው ስለ መጻፍ አስቦ ስለ ማንበብ አያስብም። ባለፈው ሳምንት ሰርቨርዎ 0 ባይት ፋይል ሲያገኝ ምን አደረገ? እንደ ገለጻዎ «ፋይሉ አልተነበበም» የሚል መስመር ሎግ ላይ ጥሎ በባዶ ዲክሽነሪ ሥራ ጀመረ። ይህ ከ0 ባይቱ ፋይል የበለጠ አሳሰበኝ። ነገ ፋይሉ ደህና ሆኖ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ቢጎድለው፣ ወይም ቮሊዩሙ ዘግይቶ ቢያያዝ፣ ሰርቨሩ በባዶ ይነሳና ከ5 ደቂቃ በኋላ ያን ባዶነት በደህናው ፋይል ላይ ይጽፍበታል። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ፋይሉ ካልተነበበ ሰርቨሩ አይነሳም። በባዶ መጀመር የሚፈቀደው ሰው አውቆ በልዩ ትዕዛዝ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ንባቡ ሳያልቅም ጥያቄ አይቀበል። ፋይሉ አናት ላይ የፎርማቱ ቨርዥን ቁጥር ይኑር፤ አዲሱ ኮድ አሮጌውን ፋይል ማንበብ እንዲችል፣ አሮጌው ኮድም የማያውቀውን ቁጥር ሲያይ እንዲቆም።

ኤፍሲንክ ስህተት ከመለሰ ደግሞ «እንደገና ልሞክር» አይበሉ። በ2018 የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ አዘጋጆች በሊነክስ ላይ ያዩት ይህንን ነው፦ መጻፍ ያቃተውን ገጽ ከርነሉ እንደተጻፈ ቆጥሮ ስለሚያልፈው፣ ሁለተኛው ኤፍሲንክ «ተሳክቷል» ይላል፣ ዳታው ግን የለም። ፖስትግሬስ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ስህተት ወድቆ ከመዝገቡ እንዲነሳ ተደረገ። እርስዎም ፕሮሰሱን ያቁሙት።

በመጨረሻ ፈተናው። ትዕዛዝ በተከታታይ የሚልክ፣ «ደርሷል» የተባለለትን ቁጥር ሁሉ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ያዘጋጁ። ሰርቨሩን በዘፈቀደ ሰዓት በሲግኪል ይግደሉት፣ ያስነሱት፣ ዝርዝሩን ከወረፋው ጋር ያስተያዩ። ይህን በስክሪፕት ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዱት። ከዚያ ሰርቨሩን ቨርቹዋል ማሽን ላይ አድርገው ማሽኑን ራሱን በድንገት በማጥፋት ይድገሙት፤ ያም ቢሆን ከሥር ያለው ማሽን ካሽ ስለሚተርፍ፣ ከቻሉ አንድ እውነተኛ ማሽን ላይ ገመዱን መንቀል ይሻላል። ማክ ኮምፒውተር ላይ የሚሞክሩ ከሆነ ተራው ኤፍሲንክ የዲስኩን የራሱን ካሽ እንደማያስወርድ ይወቁ፤ እዚያ ኤፍ ፉልኤፍሲንክ የተባለው ጥሪ አለ። «ደርሷል» የተባለለት አንድ ቁጥር እንኳ ከወረፋው ከጎደለ ስህተት አለብዎት። ወረፋው ውስጥ ኖሮ «ደርሷል» ያልተባለለት ከተገኘ ግን ስህተት አይደለም፤ ተጽፎ መልሱ ሳይላክ የሞተ ነው። ላኪው እንደገና ሲልከው ሁለት ትዕዛዝ እንዳይሆን ላኪው ራሱ የሚሰጠው መለያ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ ይኑር፣ ሰርቨሩም አስቀድሞ ያየውን መለያ ሲያገኝ አዲስ ሳይመዘግብ «ደርሷል» ብሎ ይመልስ።